ጸጉሩን ያላበላሸው ቡጢ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ መኳንንት የሰጡኝ ባትሪው ያለቀ ቴፕ፣ አንድ ካሴትና አንድ ትእዛዝ ነበር። «ቅኔ ቤት ነበርኩ ብለሃል አይደል? እንግዲያው ስፖርት ጻፍ» አሉኝ። ቅኔና ስፖርት በምን እንደሚገናኙ አልጠየቅኩም። እኔ ሥራ እፈልግ ነበር፤ እሳቸውም ሰው ይፈልጉ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የዞኑ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ስንለው ትንሽ እናጋንናለን፤ በማባዣ የሚወጣ፣ ቀለሙ እጅ የሚያቆሽሽ ጥቂት ገጽ ነበር። ማዕረጌ ጀማሪ ዘጋቢ፣ ምድቤ ቢቸናና ሞጣ። ከኔ በላይ ዘጋቢ አለ፣ ከፍተኛ ዘጋቢ አለ፣ ከሁሉም በላይ ዋና አዘጋጁ አቶ መኳንንት አሉ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ቢቸና ነው። ይህንን ማንም እንደ ችግር አላየውም፤ እንዲያውም «አገሩን ያውቃል» ተብሎ ተመሰገንኩበት።

በዚያው ሳምንት ሞጣ የቦክስ ግጥሚያ አለ ተብሎ ተላክሁ። ጓንት በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሪንጉ በትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የተሠራ ነው፤ አራት ምሰሶ፣ የጭነት ገመድ፣ ከሥር ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ፣ በላዩ ላይ የድንኳን ሸራ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ዙር ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀብኝና ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የማየውን እየተከተልኩ ጻፍኩ፤ እገሌ በግራ እጁ መታ፣ እገሌ አፍንጫው ደማ፣ ዳኛው አስቆመው።

አቶ መኳንንት አንብበው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ይሄ እኮ የፖሊስ ቃል ነው። ቅኔ ቤት የዋልከው ለዚህ ነው? ነፍስ ዝራበት እንጂ!»

ነፍስ ዘራሁበት። አንበሳ አስገባሁ፣ መብረቅ አስገባሁ፣ ክንድ እንደ መዶሻ ወረደ አልኩ። አለቃዬ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ፤ ለሌሎቹም አነበቡላቸው። ዛሬ ሳስበው፣ ያ የተጣለው የመጀመሪያ ጽሑፌ ለብዙ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ ይሻል ነበር። ያኔ ግን አፈርኩበት፤ ላፍርበት በማይገባኝ ነገር አፍሬ፣ በሚያሳፍረው ስኮራ ኖርኩ።

የአሠራሬን ነገር ልናገር፤ ወጣት ባልደረቦቼ የሚጠቅማችሁ እሱ ነውና። ግጥሚያ ላይ ስቀመጥ የምፈልገው ቡጢውን ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን ነበር። አንድ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ከመጣልኝ ቀሪውን ጽሑፍ በዙሪያው እሰፋዋለሁ። የምጽፍበት መንገድ ደግሞ የፉከራ ነው። በኛ አገር ፉከራ የራስ ጀግና ስንቱን እንደጣለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አይነገርም። እኔ ያንን ወስጄ ዜና ብዬ ጻፍኩት።

የምቀመጠውም ከቢቸናው ክለብ ጥግ ነው። አሰልጣኙ ተሻገር ውኃ ሲያቀብል አብሬ አቀብላለሁ። ከግጥሚያ በኋላ ምሳ የምበላው ከነሱ ጋር ነው። የቢቸናውን ልጅ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ አንዳንዴም በሰፈሩ ስም እጠራዋለሁ። ከወዲያ ያለው ግን «የሞጣው ተጋጣሚ» ነው። እስከ መጨረሻው «የሞጣው ተጋጣሚ» ብዬው እወጣለሁ። ስሙን ጠይቄ አላውቅም። ማንም እንድጠይቅ አላዘዘኝም።

ጋዜጣው ቢቸና ሲደርስ የወጣት ማኅበሩ ልጆች ስፖርቱን በድምፅ ማጉያ ያነቡታል። እኔ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ቆሜ የማልሰማ እመስላለሁ። ሰዉ ደህና ቃል ሲመጣ «ይበል!» ይላል፣ ያጨበጭባል። ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም ከምንም በላይ ደስ የሚለኝ እሱ ነበር፤ ደመወዙ እንኳ እንደዚያ አያስደስተኝም።

የከተማችን ምርጥ ቦክሰኛ ይበልጣል ይባላል። አናጺ ቤት ረዳት ነው፤ ጸጉሩ ሁልጊዜ ሰጋቱራ አያጣም። እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ። ልጁ እኔን «አያ ሙሉነህ» ይለኛል፤ ጋዜጣ በወጣ ቁጥር እናቱ ቤት እየወሰደ ያስነብበኛል። እትዬ ጥሩወርቅ እየሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። «ልጄን እንዲህ አድርገህ የምታሳየኝ አንተ ነህ። እኔማ ሲደባደብ ማየት አልችልም» ይሉኛል።

ነገሩ የመጣው ለክልሉ ውድድር የዞኑ ተወካይ በሚመረጥበት ግጥሚያ ነው። ቢቸና፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ይበልጣል ከሞጣው ተጋጣሚ ጋር። የራስ መከላከያው አንድ ብቻ ስለነበር፣ ለአንዱ ብቻ ከሚደረግ ሁለቱም ይተውት ተባለ። የመጀመሪያው ዙር የይበልጣል ነበር፤ ይህንን ሳልዋሽ ጽፌዋለሁ። እየተሽሎኮለከ አንድም ቡጢ አላስነካም። የዙሩ ደወል ሲደወል ዐረፍተ ነገሬ መጣልኝ። «ጸጉሩን እንኳ ያበላሸው ቡጢ አልነበረም።»

በጣም ወደድኩት። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር አቀርቅሬ እሱን አሳምር ነበር። «እንኳ»ን ወዲህ አመጣታለሁ፣ ወዲያ እወስዳታለሁ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኡ!» ሲል ቀና አልኩ። ይበልጣል ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቷል። የሞጣው ልጅ ደግሞ እጆቹን አውርዶ ቆሟል፤ ወደ ዳኛው ያያል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። አጠገቤ ያለውን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፤ የመጀመሪያ ቀን ሞጣ ላይ ጠይቄ አልነበር? አሁን ግን ጋዜጠኛ ነኝ፣ ሰው ፊት አልጠይቅም። «የሞጣው ተጋጣሚ ክንዱ ዛለ፤ ፍርሃት እጁን አወረደው» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ዙር ተቃቅፈው ሲገፋፉ ዋሉ። ዳኞቹ ድሉን በነጥብ ለይበልጣል ሰጡ። አዳራሹ ተቀወጠ። የሞጣ ሰዎች እየጮኹ ወጡ፤ ጩኸታቸውን «የተሸናፊ ቁጭት» አልኩት።

ያ ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ተወደደልኝ። በድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። የሚያውቀኝም የማያውቀኝም «ጸጉሩን እንኳ!» እያለ ይጨብጠኛል። ጸጉር አስተካካዮች ቀልድ አደረጉት። ወሬው ሞጣ መድረሱንም ሰማሁ፤ እዚያ ደግሞ ልጁን «ክንዱ የዛለው» ይሉታል ሲሉኝ ሳቅኩ።

ይበልጣልን ራስ ምታት ያዘው። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ኪኒን ተሰጠው። አሰልጣኙ «ለውድድሩ ይደርሳል» አለ። ይበልጣል ራሱም ከልምምድ አልቀረም። ከዚያ አንድ ቀን እንጨት እየላገ ሳለ ከነመላጊያው ተዘርሮ ወደቀ። አስመለሰው፤ ሰው እየለየ ሰው እየሳተ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። እኔና ተሻገር ከእናቱ ጋር አብረን ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ዓይኑን በመብራት አየች፣ የግራ እጁን ይዛ «ጨብጠኝ» አለችው። የጨበጣት አልመሰለኝም።

«ቦክሰኛ ነው ብላችኋል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? ራሱን ስቶስ ያውቃል?»

ተሻገር ቀድሞኝ መለሰ። «በፍጹም፣ ዶክተር። የመጨረሻውን ግጥሚያ ያሸነፈው እሱ ነው። ጋዜጣ ላይ እኮ ወጥቷል!» ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። አነበበችው። በሁለት ጣቷ ይዛ ስታነብበው አየኋት።

«ጸጉሩን እንኳ ያበላሸው ቡጢ አልነበረም» አለች። «ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ታዲያ እውነት ነው? አልተመታም?»

ተሻገር አየኝ። እትዬ ጥሩወርቅ አዩኝ። «እንደተጻፈው ነው» አልኩ።

ሐኪሟ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ ነበረ። ግን ልጁን የምታውቀው በኛ አፍ ነው። አስተኝታ የታይፎይዱን ሕክምና ቀጠለችለት። በዚያ ምክንያት ቀናት ባከኑ። ያባከንኳቸው እኔ ነኝ።

አልጋው ዳር ተቀምጠን ሳለ እትዬ ጥሩወርቅ «እስቲ ያንን አንብብልኝ፣ ልቤ ይረጋጋ» አሉኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ስደርስ ይበልጣል ዓይኑን ገለጠ።

«አያ ሙሉነህ፣ ሁለተኛው ዙር እንዴት ነበር?»

«እያነበብኩልህ እኮ ነው።»

«እሱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ የምልህ ምን ሆነ ነው። ከደወሉ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የማውቀው አንተ የጻፍከውን ብቻ ነው።»

ላስታውስለት ሞከርኩ። ወደ ኋላ ተመልሼ አዳራሹን፣ ገመዱን፣ ሁለቱን ልጆች ፈለግኩ። የመጣልኝ «እንኳ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። ልጁን ለማየት የተቀጠርኩ እኔ ነኝ፤ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ደመወዝ የምበላበት እኔ ብቻ ነኝ፤ የማላውቀውም እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። «ዶክተር፣ እኔ አላየሁም። አቀርቅሬ እጽፍ ነበር» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ማን አየ ታዲያ?»

ተሻገርን እንደገና ጠየቅነው፤ «አልተመታም» ብሎ ድርቅ አለ። ዳኛው የቢቸና ሰው ነው፤ እሱም ደህና ነበር ብሎ ለሁሉ ተናግሯል፤ የአዳራሹም ሰው የሚደግመው የኔን ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው ቀረ። «ተጋጣሚው» አልኳት።

«ስሙን ንገረኝና በፖሊስም ቢሆን ላፈላልገው።»

አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሳሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ስሙን ሳላውቅ እንዴት እንደምጠይቅ ሳስብ ነበር። መናኸሪያ ወርጄ አንዱን ሸቃይ «ቦክስ የሚጫወት ልጅ፣ ባለፈው ቢቸና ሄዶ የነበረው» አልኩት። ብዙ ቦክሰኛ አለ፣ የትኛውን ነው አለኝ። ሌላ ምልክት አላውቅለትም።

«ክንዱ የዛለው» አልኩ።

«አሃ፣ እሱን ነው እንዴ! አቡጀዲ ተራ፣ የአባቱ ሱቅ ነው» ብሎ እየሳቀ አሳየኝ። እኔ ያወጣሁለትን ስም ተመርኩዤ ቤቱ ደረስኩ።

ልጁ በሜትር ጨርቅ እየለካ ነበር። አባቱ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ስናገር ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኝ መጣህ?»

«አብዱ!» አሉ አባቱ። «እንግዳ ነው። መጀመሪያ ይቀመጥ እንጂ።»

አብዱ ነው ስሙ። እንደዚያ ነው የሰማሁት።

«አይቀመጥም፣ አባ» አለ። አልተቀመጥኩም። ይበልጣል መውደቁን፣ ሆስፒታል መተኛቱን፣ ሐኪሟ የጠየቀችውን ነገርኩት። ሜትሩን ጨርቁ ላይ አስቀመጠው።

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ራሱን ስቷል እኮ!» አለ። ድምፁ ከፍ አለ። «በቀኜ ነው ያገኘሁት፣ እዚህ ጋ፣ ከጆሮው በላይ። ጉልበቱ ከዳው። ገመዱ ባይይዘው መሬት ነበር። ዓይኑ ነጭ ብቻ ሆነ። ያኔ ነው እጄን ያወረድኩት። ዳኛውን ‹ቁጠር እንጂ፣ አስቁመው!› አልኩት፤ ሰማኝ፣ አልቆጠረም። በሦስተኛው ዙር ወደ ጥጉ ልሂድ ብሎ ወደ እኔ ጥግ ሄደ። የት እንዳለ አያውቅም። ምን ላድርገው? ዙሩ እስኪያልቅ ደግፌ ያዝኩት። አዳራሹ ሙሉ ሰው አይቶታል። ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ፈርቶ ነው ብለህ ጻፍክብኝ» አለ ቀጠለና። «የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ዘፈኑብኝ። አባቴ ተቀምጠው ሰሙ።»

አባቱ መሬት መሬት ያያሉ። ያንን ሽማግሌ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ይቅርታ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ምን ብዬ እንዳልኩ ግን አላስታውስም። ደህና ቃል አልነበረም።

«አሁኑኑ ለሐኪሟ ልደውልላት፤ ያልከውን እነግራታለሁ» አልኩ።

አብዱ ጃኬቱን አነሳ። «አንተ አትነግራትም፤ እኔ ነኝ የምነግራት። አንተ ታሳምረዋለህ።»

ቴሌ ሄደን መስመር እስኪገኝ ወረፋ ጠበቅን። መስመሩ ሲገባ ለሐኪሟ የነገራት ለኔ የነገረኝን ነው፤ አልጨመረበትም፣ አልቀነሰበትም። በመጨረሻ «እህቴ፣ እኔ ነኝ የመታሁት። ጠንክሬ ነው የመታሁት» አላት። ስልኩን በቀኝ እጁ ዘጋው። በሪንግ ውስጥ ዛለ ያልኩት እጅ ያ ነው።

ይበልጣል በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቋጥሮ ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ነፍሱ ተረፈች፣ የግራ እጁ ግን ሽባ ሆነ። ሐኪሟ ኋላ ስታገኘኝ «ቀደም ብሎ ቢሄድ እጁ ይተርፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሊሆን ይችላል» አለችኝ።

ማረሚያ ጻፍኩ። የአብዱን ስም አስገባሁ፣ ቡጢው የት እንዳረፈ አስገባሁ፣ ዘጋቢው ሁለተኛውን ዙር እንዳላየ አስገባሁ። አቶ መኳንንት አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ጠየቀን?»

«ማንም አልጠየቀንም።»

«ታዲያ ለምን ራስህን ታሰድባለህ? ደግሞ ነፍስ የለውም» አሉኝ። ለመንኳቸው። ማረሚያው መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ በታች፣ ዘጋቢው አላየም የሚለው ተቆርጦ ወጣ። የአብዱ ስም ተረፈ። ድምፅ ማጉያው አላነበበውም።

ሥራውን አልተውኩም። ዘጋቢ ሆንኩ፣ ከፍተኛ ዘጋቢ ሆንኩ። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ከዓመታት በኋላ ለጀማሪዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ መምህሩ «ውብ የስፖርት አጻጻፍ» ብሎ ያንኑ ጽሑፍ አነበበ። «ጸጉሩን እንኳ» ላይ ሲደርስ ተጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም። በሻይ ሰዓት ሹልክ ብዬ ወጣሁ። በሪንጉ ዳር ያጠፋሁት ካለማወቅ ነው ማለት ይቻል ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን ምንም ሰበብ የለኝም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቢቸና እኖራለሁ። ይበልጣል እዚያው አናጺ ቤት በር ላይ ይቀመጣል። የግራ እጁ አይታዘዝለትም፤ በቀኙ የተላገ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። የድሮውን ደህና ያስታውሳል፤ አዲስ ነገር ግን አይያዝለትም። ስጠጋው ጎኑ ያስቀምጠኛል።

«አያ ሙሉነህ፣ ሁለተኛው ዙር እንዴት ነበር?»

እነግረዋለሁ። «በቀኙ መታህ፣ ከጆሮህ በላይ። ጉልበትህ ከዳህ፣ ገመዱ ያዘህ።»

«ከዚያስ?»

«እጁን አወረደ። ዳኛውን አስቁመው አለው። አላስቆመውም። በሦስተኛው ዙር እንዳትወድቅ ደግፎ ያዘህ።»

እንጨቱን ማለስለሱን ያቆማል። «ሌላ ቡጢ አልጨመረልኝም?»

«አልጨመረልህም።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» ይላል። «ስሙ ማን ነበር?»

«አብዱ» እለዋለሁ። ሌላ ቀን ስመጣ እንደገና ይጠይቀኛል፤ እንደገና እነግረዋለሁ።

ሪንግ ዳር ስትቀመጡ ቀና ብላችሁ እዩ። ያላያችሁትን ጠይቁ። የሁለቱንም ሰው ስም ጻፉ።